የአንዲት እናት ድብ ዋጋ



ዛሬ የምናገረው በአገራችን ምድር ስለሌለ አንድ አውሬ ነው፤ በሰሜን አሜሪካ ተራሮችና ደኖች ስለሚኖረው ግሪዝሊ ድብ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልግለጽ።

ግሪዝሊ ከቡናማ ድቦች ወገን ነው። ትከሻው ላይ ጉብታ፣ የፊት እግሮቹ ላይ ለመቆፈር የሚመቹ ረጃጅም ጥፍሮች አሉት፤ ፀጉሩ ጫፍ ጫፉ ላይ ሸበት ይላል። ሥጋ ብቻ የሚበላ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን ሣር ይግጣል፣ ሥር ይቆፍራል፣ እንጆሪ መሳይ ፍሬዎችን ይለቅማል፣ ጉንዳን ይልሳል፣ ዓሣ ያጠምዳል፣ የአጋዘን ግልገል ያድናል፣ ጥምብም ይበላል። በየሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ አካባቢ በበጋ ወራት ከፍተኛ ተራሮች ላይ ወጥቶ ድንጋይ እየገለበጠ የእሳት እራት የሚለቅም ድብ በአንድ ቀን እስከ 40,000 የሚደርሱ እራቶችን ሊበላ እንደሚችል ተመራማሪዎች አስልተዋል።

ይህ ሁሉን በልቶ ማደር የሚችል ኃይለኛ እንስሳ እንዴት ለመጥፋት ተቃረበ? እንዴትስ ተመለሰ? መልሱ ብዙ ቅርንጫፍ አለው፤ ግንዱ ግን አንድ ነው ብዬ አምናለሁ። የግሪዝሊ ዕጣ የተንጠለጠለው ለአካለ መጠን በደረሱ እናት ድቦች ሕይወት ላይ ነው። ይህን ያወቅነው ደግሞ ለአሥርታት ሳይሰለቹ በቆጠሩ፣ በመዘገቡና የመዘገቡትን ደፍረው በተናገሩ ሰዎች ድካም ነው።

በመጀመሪያ ምን እንደጠፋ እንይ። በ1800 ገደማ አላስካን ሳይጨምር ዛሬ አሜሪካ በምንለው ምድር ላይ 50,000 ያህል ግሪዝሊዎች ይኖሩ እንደነበር ይገመታል። ከመካከለኛው ሜዳ አንሥቶ እስከ ፓስፊክ ዳርቻ ድረስ የእነሱ አገር ነበር። ከዚያ ጠመንጃ መጣ፣ ወጥመድ መጣ፣ መርዝ መጣ፤ የከብትና የበግ መንጋ ሸለቆውን ሞላው፤ ድብ ለገደለ ሰው ሽልማት ይከፈለው ጀመር። በ1975 የቀሩት ከ1,000 በታች ነበሩ። ከቀድሞ ግዛታቸውም በእጃቸው የቀረው ሁለት በመቶ ገደማ ብቻ ነበር።

ካሊፎርኒያን ተመልከቱ። በሰንደቅ ዓላማዋ ላይ ግሪዝሊ ቆሟል። በ1953 ግሪዝሊን የግዛቲቱ ምልክት እንስሳ አድርጋ በሕግ ደንግጋለች። ነገር ግን በዚያች ምድር ግሪዝሊ ለመጨረሻ ጊዜ ታየ የሚባለው በ1924 ነው። ምልክትነቱ በታወጀበት ዓመት በደኖቿ ውስጥ አንድም አልቀረም ነበር። አንድን ፍጥረት ማክበርና ማኖር ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ማስረጃ አላውቅም።

አሁን ወደ እናቲቱ ልውሰዳችሁ። ግሪዝሊዎች የሚገናኙት ከግንቦት እስከ ሐምሌ ባለው ጊዜ ነው። ጽንሱ ግን ወዲያው አያድግም። እናቲቱ በጋውንና መኸሩን እየበላች ስብ እስክታጠራቅም ድረስ በማሕፀኗ ውስጥ እንደ ተንሳፈፈ ይቆያል። የበረዶው ወራት ሲቃረብ በቂ ስብ ካላት ማሕፀኗ ላይ ይጣበቃል፤ ስቡ ካልበቃት እርግዝናው በዚያው ይቀራል። ተራራ ጥግ ቆፍራ ባዘጋጀችው ጎሬ ውስጥ ገብታ ትተኛለች። በጥርና በየካቲት አካባቢ፣ በረዶው ከላይ ተከምሮ ሳለ፣ ትወልዳለች። የሚወለደው ግልገል ዓይኑ ያልተገለጠ፣ ፀጉሩ ገና ያልበቀለ፣ ክብደቱም ከግማሽ ኪሎ የማይበልጥ ነው። እናትየው ከአምስት እስከ ስድስት ወር ሳትበላ፣ ሳትጠጣ፣ ሳትሸና ትቆያለች፤ በዚህ መሐል ከገዛ ሰውነቷ ስብ ወተት እየሠራች ልጆቿን ታጠባለች። ጡንቻዋም አጥንቷም ያን ያህል አይጎዳም። ይህ እንዴት እንደሚሆን ለማወቅ በዋሽንግተን ግዛት ዩኒቨርሲቲ የድብ ምርምር ማዕከል ሳይንቲስቶች ለረጅም ዓመታት ሲያጠኑ ቆይተዋል። ውጤታቸው ስለ ስኳር በሽታና ስለ ጡንቻ መመንመን ለሚያጠኑ ሐኪሞችም የሚጠቅም ነው።

በጸደይ ስትወጣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ግልገሎች ይከተሏታል። ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ታሳድጋቸዋለች። ስለዚህ ከአንዱ ወሊድ እስከ ሌላው ሦስት ዓመት ያህል ያልፋል። የመጀመሪያ ልጆቿን የምትወልደው አምስት ወይም ስድስት ዓመት ሲሞላት ነው። ከግልገሎቹም ብዙዎቹ ሳያድጉ ይሞታሉ። በዚህ ስሌት አንዲት እንስት ግሪዝሊ ራሷን የምትተካ አንዲት እንስት ለማድረስ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ሊፈጅባት ይችላል። ከብት ያረባ ሰው ይህን ያለ አስተማሪ ይረዳዋል፦ ወይፈኑ ቢሞት ያስደነግጣል፣ የምትወልደው ላም ስትሞት ግን የሚጎድለው የነገው በረት ነው።

ይህ ዕውቀት በቀላሉ አልተገኘም። የዓለም የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ የሎውስቶን በ1872 ሲቋቋም የድቡን ኑሮ የሚያውቅ ሳይንቲስት አልነበረም። ለብዙ አሥርታት በፓርኩ ውስጥ ያሉት ሆቴሎች የምግብ ትራፊያቸውን ሜዳ ላይ ይደፉ ነበር። ድቦቹ ተሰብስበው ሲበሉ ጎብኚዎች መቀመጫ ተዘጋጅቶላቸው ያዩ ነበር።

በ1959 ፍራንክና ጆን ክሬግሄድ የተባሉ መንታ ወንድማማቾች ግሪዝሊን በስፋት ማጥናት ጀመሩ። ድቦቹን በማደንዘዣ መርፌ እያስተኙ መዘኑ፣ ለኩ፣ ጆሯቸው ላይ ምልክት አደረጉ። በ1961 ቁጥር 40 ተብላ በተመዘገበች፣ እነሱም ማሪያን ብለው በጠሯት እንስት አንገት ላይ ሬዲዮ የተገጠመበት ቀበቶ አሰሩ። በዱር ግሪዝሊ ላይ እንዲህ ያለ መሣሪያ ሲታሰር የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ በኋላ የሬዲዮውን ምት እያዳመጡ ጫካውን በእግራቸው አቆራረጡ። የት እንደምትውል፣ ስንት ኪሎ ሜትር እንደምትጓዝ፣ መቼ ወደ ጎሬዋ እንደምትገባ መዘገቡ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ከሳተላይት ጋር በሚገናኝ ቀበቶ የሚጠና የዱር እንስሳ ሁሉ የዚያ ሥራ ወራሽ ነው።

በዚህ መሐል በነሐሴ 1967 በሞንታና ግዛት ግሌሸር ብሔራዊ ፓርክ በአንድ ሌሊት፣ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች፣ ሁለት ወጣት ሴቶች በግሪዝሊ ተገደሉ። አገሩ ደነገጠ። ድቦቹ የሰውን ትራፊ መልመዳቸው ሰውንም ድብንም እንደሚገድል ግልጽ ሆነ። የየሎውስቶን አስተዳደርም የቆሻሻ መጣያዎቹን ለመዝጋት ወሰነ። መዝጋቱ ትክክል ነበር፤ ክሬግሄዶችም አልተቃወሙትም። የጠየቁት ቀስ በቀስ እንዲዘጋ ነው። ሲወርድ ሲዋረድ ከዚያ መብላት የለመዱ እናቶችና ልጆች በአንድ ጊዜ ምግባቸው ሲቋረጥ ወደ ድንኳኖችና ወደ መንደሮች ይወርዳሉ፣ በዚያም ይገደላሉ ብለው አስጠነቀቁ። አልተሰሙም። መጣያዎቹ በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተዘጉ። ከአንድ መቶ በላይ ግሪዝሊዎችም በሰው እጅ ሞቱ። ማሪያንም በ1969 በጥይት ተገደለች። ወንድማማቾቹ ከፓርኩ አስተዳደር ጋር ስላልተስማሙ በ1971 ጥናታቸው ተቋረጠ።

ተማሪዎች ሆይ፣ እዚህ ላይ ቆም በሉ። መረጃው ነበር። ማስጠንቀቂያውም በጊዜው ተነግሯል። የጎደለው በተመራማሪውና በወሳኙ መካከል ያለው መተማመን ነበር። ሳይንስ ይዘን ጆሮ ካጣን ዋጋውን የሚከፍለው እንስሳው ነው።

በ1973 የተለያዩ መሥሪያ ቤቶችን ያሰባሰበ የግሪዝሊ ጥናት ቡድን ተቋቋመ። በ1975 ደግሞ ግሪዝሊ ለመጥፋት የተቃረቡ ዝርያዎችን በሚጠብቀው ሕግ ሥር ስጋት የተደቀነበት እንስሳ ተብሎ ተመዘገበ። በዚያ ጊዜ በየሎውስቶን አካባቢ የቀሩት 136 ገደማ እንደነበሩ ተገምቷል። በሪቻርድ ናይት የተመራው ቡድን የልደትና የሞት መዝገቡን ይዞ ሲያሰላ፣ ከሁሉም በላይ የሚወስነው ቁጥር የአዋቂ እንስቶች በሕይወት የመቆየት መጠን ሆኖ አገኘው። በዓመት የሚሞቱት እንስቶች በጥቂቱ ቢቀንሱ የድቦቹ ቁጥር ያንሰራራል፤ በጥቂቱ ቢጨምሩ ያሽቆለቁላል።

ከዚያ በኋላ ሥራው መልክ ያዘ። ተመራማሪዎች በየዓመቱ በአውሮፕላንና በእግር እየዞሩ የዓመቱን ግልገል የያዙ እናቶችን መቁጠር ዋና ሥራቸው አደረጉ። በድብ አገር የበግ ግጦሽ ቀነሰ። የጫካ መንገዶች ተዘጉ። በካምፖች ድብ የማይከፍተው የብረት ቆሻሻ ማጠራቀሚያ ተተከለ፤ ምግብን ድንኳን ውስጥ ማሳደር ተከለከለ። ከ1981 እስከ 2016 የፌዴራሉን የግሪዝሊ ማገገሚያ ሥራ ያስተባበሩት ክሪስ ሰርቪን ለሠላሳ አምስት ዓመታት በአንድ ጉዳይ ላይ ጸንተዋል። ዛሬ በየሎውስቶን አካባቢ 1,000 ያህል ግሪዝሊዎች አሉ፤ በሰሜን ሞንታናም ከዚያ የማይተናነስ ቁጥር አለ።

ለመሆኑ ሰው የማያየውን ድብ እንዴት ይቆጥራሉ? በ2004 በኬት ኬንዳል የሚመራ የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ቡድን በሰሜን ሞንታና ያደረገውን ላሳያችሁ። ጫካ ውስጥ ጥቂት ዛፎችን ዙሪያቸውን በአንድ ዘለላ እሾሃማ ሽቦ ያጥራሉ። ሽቦው ከመሬት ግማሽ ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። መሐል ላይ የበሰበሰ እንጨትና ቅጠል ይከምራሉ፤ በላዩ ከርሞ የገማ የከብት ደምና የዓሣ ፈሳሽ ያፈሱበታል። ሽታው ድቡን ይጠራዋል፤ የሚበላ ነገር ግን የለበትም፣ ስለዚህ ድቡ ሰው ምግብ ይሰጠኛል ብሎ አይለምድም። በሽቦው ሥር ሲሾልክ ወይም በላዩ ሲሻገር ከጀርባው ወይም ከሆዱ ጥቂት ፀጉር እሾሁ ላይ ይቀራል። ተመራማሪው በመቆንጠጫ ለቅሞ በወረቀት ፖስታ ያሽገዋል፤ ቦታውንና ቀኑን ይጽፍበታል፤ ሌላ ፀጉር እንዳይቀላቀል እሾሁን በእሳት ይለበልበዋል። በቤተ ሙከራ ከፀጉሩ ሥር ዲኤንኤ ይወጣል፤ ድቡ ማን እንደሆነ፣ ወንድ ይሁን ሴት ይታወቃል።

ድብ ጀርባውን የሚያክባቸውን ዛፎችም ጨምረው ወደ 34,000 የሚጠጉ የፀጉር ናሙናዎች ሰበሰቡ። በስሌቱም በዚያ ሰፊ ምድር 765 ያህል ግሪዝሊዎች እንዳሉ ተገኘ፤ ከዚያ በፊት ከተገመተው እጅግ የበለጠ ነበር። ይህ ጥናት በ2008 የፕሬዚዳንት ምርጫ ዘመቻ በእጩው ጆን ማኬይን አንደበት የመንግሥት ገንዘብ ብክነት ምሳሌ ተደርጎ ተነሥቷል። እኔ በዚህ አልስማማም። ሰባት መቶ ድብ አለ ብሎ መወሰንና ሦስት መቶ ብቻ አለ ብሎ መወሰን ለከብት አርቢውም፣ ለእንጨት ነጋዴውም፣ ለድቡም የተለያየ ሕግ ያመጣል። ያልቆጠረ ሰው የሚወስነው በፍርሃት ወይም በምኞት ነው።

መቁጠር ብቻም አይበቃም፤ ምን እንደሚገድላቸው ማወቅ ያስፈልጋል። በ1999 የታተመ አንድ ጥናት በአሜሪካና በካናዳ ተራሮች የሬዲዮ ቀበቶ የታሰረላቸውን ግሪዝሊዎች ሞት መርምሮ ነበር። ከየአራቱ ሞቶች ሦስቱ ወይም ከዚያ በላይ የሰው እጅ አለባቸው። ከሁሉ የሚያስደነግጠው ደግሞ ቀበቶው ባይኖር ኖሮ ከሞቶቹ ግማሽ ያህሉ ማንም ሳያውቃቸው ይቀሩ ነበር። በጫካ መንገድ ዳር ተተኩሶበት የሚወድቅ ድብ ሪፖርት አይጽፍም።

መንገድ የራሱ ታሪክ አለው። በአሜሪካ ግራንድ ቲተን ብሔራዊ ፓርክ አካባቢ የምትኖር 399 የሚል ቁጥር የተሰጣት እንስት ነበረች። በ1996 የተወለደች ናት። ግልገሎቿን ይዛ መንገድ ዳር ስለምትውል በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሰው አይቷታል፣ ፎቶ አንሥቷታል። በ2020 አራት ግልገሎች አስከትላ ወጣች፤ በ2023 በ27 ዓመቷ እንደገና ወለደች። በጥቅምት 2024 ሌሊት መንገድ ላይ መኪና ገጭቶ ገደላት፤ 28 ዓመቷ ነበር። እስከዚያ ዕድሜ ድረስ የኖረችው ጥበቃው ስለሠራ ነው። የሞተችው ደግሞ መሻገሪያ ገና ስላልተሠራላት ነው።

መፍትሔው አይታወቅም ማለት ግን አይቻልም። በካናዳ ባንፍ ብሔራዊ ፓርክ ትልቁን አውራ ጎዳና ግራና ቀኝ አጥረው 6 የእንስሳት ድልድዮችና 38 የሥር መተላለፊያዎች ሠርተዋል። በድልድዩ ላይ አፈር ተደልድሎ ሣርና ዛፍ በቅሎበታል። ግሪዝሊዎቹ መጀመሪያ ሸሹት፤ ለመልመድ ዓመታት ፈጀባቸው። ዛሬ ግን ይሻገራሉ። ልጅ የያዙ እናቶች ከጨለማው የሥር መተላለፊያ ይልቅ ሰፊውንና ክፍቱን ድልድይ እንደሚመርጡ ታውቋል። በእነዚያ መሻገሪያዎች ላይ በእሾሃማ ሽቦ የተለቀመው ፀጉርም ከመንገዱ ወዲህና ወዲያ ያሉት ድቦች እየተገናኙ እንደሚዋለዱ አስመስክሯል። መኪና ከዱር እንስሳ ጋር የሚጋጨውም ከ80 በመቶ በላይ ቀንሷል።

ስለ ከብት አርቢዎችም በፍትሕ እንናገር። ግሪዝሊን ከሩቅ ማድነቅ ቀላል ነው፤ ጥጃው የተበላበት ሰው ግን ዋጋውን የሚከፍለው ከኪሱ ነው። በሞንታና ብላክፉት ሸለቆ አርቢዎች፣ ተመራማሪዎችና የመንግሥት ሠራተኞች በአንድ ጠረጴዛ ተቀመጡ። ግጭቱ የሚነሣባቸውን ቦታዎች በካርታ ሲያስቀምጡ ተመሳሳይ ሥፍራዎች ደጋግመው ወጡ፦ ላሞች የሚወልዱበት መስክ፣ የንብ ቀፎ ያለበት ቦታ፣ የሞተ ከብት የሚጣልበት ጉድጓድ። ቀፎውንና የመውለጃውን መስክ በኤሌክትሪክ አጥር አጠሩ። የሞቱትን ከብቶች በመኪና እየዞሩ እየሰበሰቡ ርቆ ወደሚገኝ የብስባሽ ማዘጋጃ ወሰዷቸው። መንጋውን በፈረስ የሚዞሩ ጠባቂዎች ቀጠሩ። ግጭቱ እጅግ ቀነሰ፤ ድቦቹ ግን በሸለቆው አሉ። ጫካ ለሚገባ ሰውም መድኃኒት አለ። በ2008 የታተመ የአላስካ ጥናት በርበሬ የሚረጭ ጣሳ ቡናማ ድብን ከ100 ጊዜ 92ቱን እንደሚያስቆም አሳይቷል። ሰውየው በሕይወት ይመለሳል፤ ድቢቱም ወደ ልጆቿ ትመለሳለች።

ይህ ሁሉ ሲሆን ክርክሩ አላበቃም። የየሎውስቶን ግሪዝሊዎች አገግመዋልና ከፌዴራል ጥበቃ ይውጡ ተብሎ በ2007 ተወሰነ፤ ፍርድ ቤት መለሰው። በ2017 እንደገና ተወሰነ፤ በ2018 ፍርድ ቤት እንደገና ሻረው። በ2016 በርካታ የነባር ሕዝቦች ብሔሮች ድቡ በእምነታቸውና በባህላቸው ያለውን ሥፍራ ጠቅሰው እሱን ለመጠበቅ የጋራ ቃል ኪዳን ፈርመዋል። ድቡ በዝቷል፣ ግዛቶች ያስተዳድሩት የሚሉትም ሰዎች ጠላቶቹ አይደሉም፤ ያንን ጭማሪ ለማምጣት ሲደክሙ የኖሩ ባለሙያዎች በመካከላቸው አሉ። የኔ አቋም ግን ግልጽ ነው። ሁለት ነገሮች ሳይረጋገጡ ጥበቃውን ማንሣት መቸኮል ነው።

አንደኛው ምግብ ነው። ከፍተኛ ቦታ ላይ የሚበቅል ዋይትባርክ የሚባል ጥድ አለ። ሽኮኮዎች ፍሬውን ያከማቻሉ፤ ድቦች ክምችቱን ቆፍረው ይበላሉ። ፍሬው በበዛበት ዓመት እናቶች ከሰው ርቀው ተራራ ላይ ይሰነብታሉ፤ ባልበዛበት ዓመት ወደ ቆላው ይወርዳሉ፣ ሞትም ይጨምራል። ይህን ዛፍ ከውጭ የገባ የዋግ በሽታ፣ ቅርፊት የሚበላ ጥንዚዛና የአየር ሙቀት ፈጁት፤ በታኅሣሥ 2022 ዛፉ ራሱ ስጋት የተደቀነበት ተብሎ ተመዘገበ። ድቡ ሌላ ምግብ መፈለግ ያውቃል፤ ፍለጋው ግን ወደ ሰው ደጅ ሊያመጣው ይችላል።

ሁለተኛው መገናኘት ነው። የየሎውስቶን ድቦች ከሰሜኖቹ ተለይተው አንድ መቶ ዓመት ያህል ኖረዋል። በ2024 የዘር ብዝኃነታቸውን ለማገዝ አንዲት እንስትና አንድ ወንድ ወጣት ግሪዝሊዎች ከሰሜን ሞንታና በመኪና ተጭነው እዚያ ተለቀቁ። ጥሩ ጅምር ነው። ድቦቹ በእግራቸው የሚደርሱበት መተላለፊያ ሲኖር ግን የበለጠ ዘላቂ ይሆናል፤ ያን መተላለፊያ ማስከበር ከሁለት ድብ ማጓጓዝ የከበደ ሥራ ነው።

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣ ይህ ታሪክ ለኛ ባዕድ አይደለም። በ1978 ዩኔስኮ የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ የሎውስቶንና የእኛው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በአንድ ዝርዝር ላይ ወጥተዋል። ኋላም ሁለቱም አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች መዝገብ ገብተዋል፤ የሎውስቶን ከ1995 እስከ 2003፣ ሰሜን ከ1996 እስከ 2017። ሁለቱም ወጥተዋል። ዋልያም ሆነ ቀይ ቀበሮ በጠባብ ምድር የቀረ፣ በዙሪያው ገበሬና ከብት ያለው፣ በጥቂት አዋቂ እንስቶች ትከሻ ላይ የቆመ ዘር ነው። ስለዚህ የግሪዝሊ ተመራማሪዎች ለሃምሳ ዓመታት የጠየቁት ጥያቄ የእኛም ጥያቄ ነው፦ ዘንድሮ ስንት እናቶች ወለዱ? ስንቶቹ ሞቱ? ምን ገደላቸው?

እናንተ ተማሪዎች፣ ይህን ጥያቄ በየዓመቱ የምትመልሱ ሁኑ። አንድ ዓመት የተዘለለ ቆጠራ በኋላ በገንዘብ አይገዛም። የምርምር ገንዘብ የምትመድቡ ኃላፊዎች፣ ውጤቱ በአንድ በጀት ዓመት አይታይም ብላችሁ ቆጠራውን አታቋርጡ፤ ባለሙያው ማስጠንቀቂያ ይዞ ሲመጣም ውሳኔው ከመፈረሙ በፊት ስሙት። ከአውሬ ጋር ድንበር የምትጋሩ ወገኖች ደግሞ የምታውቁትን ይዛችሁ ጠረጴዛው ላይ ቦታችሁን ያዙ፤ ያለ እናንተ የሚጸና ጥበቃ የለም። ግሪዝሊ የተመለሰው እነዚህ ሦስት ወገኖች ለአንዲት እናት ድብ ሕይወት ዋጋ መስጠትን በተማሩባቸው ቦታዎች ነው። እኛም ለራሳችን ተራሮች ይህንኑ ማድረግ እንችላለን፤ ግዴታም አለብን።